ሞተሩ ጠፍቷል፣ ግፊቱ ግን አልወጣም
(ለአብሮ አደጌ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ድሬ አንቱታ አታውቅም ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። እኔና እርስዎ ስናድግ ሽማግሌውንም፣ ሹሙንም፣ ባለ ሱቁንም «አንተ» ብለን፣ «አቦ» ብለን ጠርተን የተቀየመን አልነበረም። እርስዎን «እርስዎ» ስል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ላከብርዎት ፈልጌ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ድሮም አከብርዎት ነበር። «አንተ» ብዬ ልጀምር ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ አለኝ። በመካከላችን የገባውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው ቢጠፋኝ በአንቱታ ሸፈንኩት።

በግል ልነግርዎት ሞክሬያለሁ። ከወንድሜ አርባ በኋላ ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዘበኛው፣ እሱም ደግ ሰው ነው፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩ። ስምዎን አልጠራም። ላዋርድዎት ብፈልግ ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላስፈለገኝ። የምፈልገው እንዲሰሙኝ ነው፤ የመስማት አቅም እንዳለዎት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያደግነው ለገሃር አጠገብ፣ ባቡር ሲያፏጭ ተኝተን ባቡር ሲያፏጭ እየነቃን ነው። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ አሸዋ ላይ ደርሶ ባይቆም ኖሮ፣ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ያሏት ይህች ድሬዳዋ ባልኖረች ነበር። ሐዲዱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ መፍታትና መጠገን የሚያውቀው እጅ ግን እዚሁ ቀረ። አባቴ ከዚያ እጅ አንዱ ነበር። እርስዎ አባትዎን በልጅነትዎ ስላጡ የእኔን አባት «አባባ» ይሉት ነበር፤ እሱም ከእኔ ይልቅ እርስዎን ሲያመሰግን እየሰማሁ እቀና ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ የተማርነው ትምህርት በሦስት ቃል ያልቃል፤ ዓይን፣ ጌጅ፣ እጅ። «ግፊት ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው» ይለን ነበር። «መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩ፣ ቀጥሎ ጌጁን ጠይቁ፣ እጅ መጨረሻ ነው።» ያስታውሳሉ? አዲስ ማሽን ፊት ባቆመን ቁጥር ሁለታችንንም እጃችንን ወደ ኋላ ያስይዘን ነበር።

እርስዎ እንኳ አንድ ቀን ረስተውት፣ ሞተሩ ጠፍቷል ብለው የዘይት መስመር ፈቱ። ሞተሩ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። መስመሩ ውስጥ የታሰረው ዘይት ግን ሞተሩ መጥፋቱን አልሰማም፤ የግራ ጠቋሚ ጣትዎን እንደ ቢላ ሰነጠቀው። አባቴ አልተቆጣም። ጣትዎን በነጠላ ጠምጥሞ በብስክሌት ጭኖ ሐኪም ቤት ወሰደዎት፣ ሲመለስ ግን ለእኔ «ሞተር ማጥፋት ሌላ፣ ግፊት ማውጣት ሌላ፤ ይህን የጻፍኩት በወንድምህ ጣት ላይ ነው» አለኝ። ወንድምህ ያለው እርስዎን ነው። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ቼክ ሲፈርሙ ያዩታል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ሐዘኔ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ይህንን ትምህርት በሥጋዎ ላይ የተሸከሙ ሰው ሆነው ሳለ፣ ታናሽ ወንድሜን ያለ ጌጅ ግፊት ፊት አቆሙት። እኔ ነኝ በእጄ ያመጣሁልዎት። «አቦ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አንተ ጋ ቢሠራ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል» ብዬ ነው የሰጠሁዎት። እርስዎም ትከሻውን መታ አድርገው «የአባባ ልጅ አይደል እንዴ» አሉ። ያ ቃል አደራ ነበር። በእኛ አገር አደራ ፊርማ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ሐዘኔ ማሽኑ እየጮኸ ሰሚ ማጣቱ ነው። በመጋላ ጠባብ መንገዶች የቧንቧ ቦይ የምትቆፍረዋን ትንሿን ኤክስካቫተር ያውቋታል፤ ትልቁ ማሽን በማይገባበት ገብታ፣ አፏ ላይ ጃክ ሃመር ገጥማ ድንጋይ የምትፈነቅለዋን። ጃክ ሃመሯ ላይ የጀበና ሆድ የሚያክል ድብልብል ብረት አለ፤ አኩሙሌተር ይሉታል። ውስጡ በላስቲክ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ በአንድ ወገን ናይትሮጂን፣ በሌላው ወገን ዘይት። ጃክ ሃመሩ በመታ ቁጥር ዘይቱ ይወራጫል፤ ናይትሮጂኑ እንደ ሞላ ተጨምቆ መወራጨቱን ይውጣል፣ መልሶም ለሚቀጥለው ምት ጉልበት አድርጎ ይሰጣል። ናይትሮጂኑ ካነሰ ሞላው የለም። ያን ጊዜ ምቱ ይደክማል፣ የሚወራጨው ዘይት ሆዙን እንደ እባብ ያዘልለዋል፣ ድንጋጤው በመስመሩ ተመልሶ ፓምፑ ድረስ ይደርሳል። ወንድሜ ይህን አይቷል። ከደረት ኪሱ የማትለይ፣ ዘይት የጠጣች ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ አሁን እኔ ጋ ናት። በእርሳስ እንዲህ ይላል፤ «ሆዝ ይዘላል። ምቱ ደክሟል። ናይትሮጂን ጠየቅኩ፣ ነገ ተባልኩ።» ከታች ደግሞ «ናይትሮጂን ጠየቅኩ፣ ነገ።» ከዚያ በታች ሌላውን ቃል ትቶ «ነገ» ብቻ ይላል። ቆጥሬዋለሁ። ስድስት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ሐዘኔ ግማሽ ሰዓት ነው። የከለከሉት ነገር ወር የሚፈጅ፣ ማሽን የሚያስቆም ሥራ ቢሆን ኖሮ ልረዳዎት እሞክር ነበር፤ ማሽን በሰዓት እንደሚከራይ፣ የቆመ ማሽን የቆመ ገንዘብ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን ሥራው ምን ነበር? ማሽኗን ሜዳ ላይ አቁሞ ጃክ ሃመሩን መሬት ማስያዝ፤ ሞተሩን ማጥፋት፤ ቁልፉን መልሶ ከፍቶ ሊቨሮቹን በሁሉም አቅጣጫ እያንቀሳቀሱ የታሰረውን ግፊት ማስወጣት፤ በዘይቱ ወገን ጌጁ ዜሮ ማለቱን ማየት። ከዚያ የጋዙን ቫልቭ ክዳን ፈትቶ የመሙያውን ጌጅ መግጠም፣ ማንበብ፣ ያነበቡትን ፋብሪካው ሰሌዳው ላይ ከጻፈው ጋር ማስተያየት። በቫልቩ ዘይት ከወጣ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው፤ ምንም ጋዝ ቢሞሉት አይድንም፣ መቀየር ነው። ዘይት ካልወጣና ጋዙ ካነሰ ብቻ ናይትሮጂን በሬጉሌተር በኩል ቀስ እያሉ መጨመር፣ የጋዙ ሙቀት እስኪረጋ አንድ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ትርፉን ማስተንፈስ፣ ቫልቩን በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ደብተር ላይ መጻፍ። አለቀ። ጀበና ተጥዶ ሦስተኛው እስኪቀዳ ያልቃል።

እንዲያውም ለመጠርጠር ገንዘብ የማይጠይቁ መንገዶች አሉ፤ እርስዎም ያውቋቸዋል። የዘይቱ መስመር ላይ ጌጅ ካለ፣ ሞተር አጥፍቶ ግፊቱን ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ነው። መርፌው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በአንዴ ወደ ዜሮ ይወድቃል። የወደቀበት ቁጥር የጋዙ ቁጥር ነው። የኤክስካቫተሯ የሊቨር መስመር ላይ ያለውን ሌላውን ትንሽ አኩሙሌተር ደግሞ ሞተር አጥፍቶ ቡሙን በሊቨር ዝቅ በማድረግ ይፈትኑታል፤ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ቆሞ እንኳ ሊቨሩ ይታዘዛል፣ ካልታዘዘ ደክሟል። ይህን ለአንድ ልጅ በአንድ ጠዋት ማሳየት ይቻላል። አባቴ ለእኛ እንዳሳየን።

አራተኛው ሐዘኔ የአገራችን ሙቀት ነው፤ እሱንም ማንም አልቆጠረው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 55 ባር በ20 ዲግሪ የተለካ ነው። ድሬ መቼ ነው 20 ዲግሪ የምታውቀው? በጥላ ሥር 35 በሚሆንበት ከሰዓት፣ ሲመታ የዋለ ጃክ ሃመር ሰውነቱ 60 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ጌጁ 55 ቢልዎት፣ ሲቀዘቅዝ ያለው 48 ገደማ ብቻ ነው። ጤነኛ የሚመስል ግን የታመመ ማለት ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ አድሮ፣ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጋው መለካት ያለበት፤ ለዚህ ነው ደብተሩ ላይ ከባሩ አጠገብ ዲግሪው የሚጻፈው። የወንድሜ ደብተር ላይ ለዲግሪ የተሠመረ ባዶ ዓምድ አለ። ሊሞላው ተዘጋጅቶ ነበር። ቴርሞሜትርም ጌጅም የሰጠው የለም።

አምስተኛውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይታገሱኝ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሲሊንደር መጣ። ናይትሮጂን ከሚሸጥበት አልነበረም የመጣው፤ ከበያጅ ቤት ነው። ቀለሙ ተልጦ ምን እንደነበረበት አይታወቅም፤ ቀለሙ ቢኖርስ በአንዱ አገር ደንብ ጥቁር ሲሊንደር ኦክስጅን ነው፣ በሌላው አገር ደንብ ትከሻው የጠቆረው ናይትሮጂን ነው፣ እኛ ጋ የሁሉም አገር ሲሊንደር ይዞራል። ጥርሱም አይመሰክርም፤ በጀርመኖቹ ደረጃ ሁለቱ ጋዞች የተለያየ ማገናኛ አላቸው፣ በእንግሊዞቹ ግን ኦክስጅንም ናይትሮጂንም አንድ ጥርስ ላይ ይገጥማሉ። ሬጉሌተር አልነበረም። የመሙያ ኪት አልነበረም። ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ማገናኛና የብየዳ ሆዝ ነበር። ረዳቱ ልጅ እንደነገረኝ ወንድሜ ወዲያው አልከፈተውም። ስልክ ደወለ። እጁ ዘይት ስለነበር ስልኩን በላውድ አድርጎ የማሽኗ ትራክ ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ናይትሮጂን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የእርስዎ ድምፅ «ነው፣ አቦ፣ ጨርሰው» አለ።

ናይትሮጂን አልነበረም። ኦክስጅን ነበር። ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ ክብሪት አይጠብቅም። የናፍጣ ሞተር ሻማ ሳይኖረው አየርን በመጭመቅ ብቻ ነዳጅ እንደሚያቀጣጥል እርስዎና እኔ በ15 ዓመታችን የተማርነው ነገር ነው፤ ተራ አየር እንኳ አኩሙሌተር ውስጥ የማይገባው ለዚህ ነው፣ ንጹሕ ኦክስጅንማ ከዚያም ይከፋል። የአኩሙሌተር ሠሪዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ናይትሮጂን ብቻ፣ ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላ ይላል። ወንድሜ ቫልቩን ቀስ አድርጎ ከፈተው አለኝ ረዳቱ፣ እንደሚገባው፣ ቀስ አድርጎ፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ መክፈት ማንም ሳያግዘው ሊጠብቀው የቻለው አንዱ ደንብ እሱ ነበርና። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። የመጋላ ሰው ድምፁን ሰምቷል፤ እርስዎም ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ሰምተውታል።

አንዳንድ ሌሊት ተነሥቼ ስለ ናይትሮጂን አስባለሁ፤ ይሳቁብኝ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። እያንዳንዳችን ቀኑን ሙሉ ወደ ሳንባችን እናስገባዋለን፣ እናስወጣዋለን፣ አናስተውለውም፣ አንከፍልበትም። ወንድሜም እስከዚያች ሰዓት ድረስ በያንዳንዱ ትንፋሹ ሲስበው ነበር። ለስድስት ቀን የለመነው፣ ስድስት ጊዜ «ነገ» የተባለለት፣ ከሁሉ ነገር ይልቅ በዙሪያው የሞላው ነገር ነበር።

ስድስተኛው ሐዘኔ ወረቀቱ ነው። ለሚመለከተው በጻፉት ሪፖርት ላይ «በሠራተኛው የግል ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል መስመር አለ። ሕጉን የምጠቅሰው ልከስዎት ብዬ አይደለም፤ ገንዘብም አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋም የማስተማርና የማሳወቅ ግዴታን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ከአዋጁ በፊት አባቴ ነግሮዎት ነበር። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፤ የጠየቀ ሰው እንዴት ግዴለሽ ይባላል? ስድስት ጊዜ የጻፈ፣ ሲሊንደሩን የተጠራጠረ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ስልክ የደወለ፣ ከሚያምነው ሰው አፍ «ነው» የሚል ቃል የሰማ ልጅ፣ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? አንድ ብቻ አየሁለት፤ ጌጅ በሌለበት እርስዎን እንደ ጌጅ ማመኑ ነው። ያንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሰባተኛው ለቅሶው ነው። በድሬ ለቅሶ የሁሉም ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቄሱም ሼኹም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሦስት ሌሊት ሙሉ ሆጃ አፍልታ አምጥታለች፣ ኦሮሞው ባለ ሱቅ ሱቁን ዘግቶ ወንበር ደርድሯል፣ የእናቴን እግር ያጠበችው የሐረሪ ሴት ናት። እርስዎ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ሰው ጋር መጡ፤ አራት ካርቶን ውሃ አስገቡ፣ ከዳር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፣ ስልክዎ ጠራ፣ ወጡ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ «አብሮ አደግህ አልመጣም ወይ?» ብላ እስካሁን ትጠይቀኛለች። መጥቷል እላታለሁ። «ታዲያ ለምን እኔ ጋ አልመጣም?» ትለኛለች። ለዚህ መልስ የለኝም፣ በእርስዎ ሆድ ውስጥ ያለውን እኔ ልናገር አልችልምና፤ እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ያቺ ሴት ከእናትዎ ቀጥላ ያጎረሰችዎት ሴት ናት።

እንዲህ እየወቀስኩ ለምን ይሰማኛል ብዬ አምናለሁ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ደቻቱ ሌሊት መጣ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሆኖ የኖረው ወንዝ ከላይ ካለው ተራራ የወረደውን ውሃ ተሸክሞ ዳሩ ላይ ያለውን ቤትና ገበያ ጠረገው፤ ከ200 በላይ ሰው ያንን ሌሊት አላነጋም። እርስዎ ያን ጊዜ የሰው ሎደር ኦፕሬተር ነበሩ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ቁልፉን አንሥተው፣ መብራት በሌለበት፣ በመኪና መብራት እየተመሩ እስኪነጋ ፍርስራሽ አነሡ። ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ «ማን አዘዘህ?» ሲልዎት «ሰው አለ እኮ ከሥሩ» ነበር መልስዎ። አጠገብዎ ነበርኩ፤ ሸሚዝዎ ጭቃ፣ ዓይንዎ ቀይ ነበር። ያ ሰው ሞቷል ብሎ የነገረኝ የለም። ያ ሰው ዛሬም ከአንድ ወፍራም በር ኋላ ተቀምጧል ብዬ አምናለሁ፣ ደብዳቤዬም ለእሱ ነው፤ ስለ ሰዓት ኪራይ ሳይሆን ከሥር ስላለው ሰው ለሚያስብ ለዚያ ኦፕሬተር።

አኩሙሌተር ዛሬ የተፈለሰፈ ዕቃ አይደለም። እንግሊዛዊው ዊሊያም አርምስትሮንግ ለወደብ ክሬን ጉልበት ለማጠራቀም ትልቅ ክብደት በውሃ ዓምድ ላይ ከጫነ፣ ከእ.ኤ.አ. 1850ዎቹ ጀምሮ፣ ዓለም ስለዚህ ዕቃ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የሰጡትን ይይዛል። ሞተር ቢጠፋ፣ ኦፕሬተር ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ሌሊት ቢሆን፣ ያስቀመጡበትን ጉልበት አይረሳም፤ በሥርዓቱ ካላስወጡት አንድ ቀን በራሱ መንገድ ይወጣል። እርስዎ ሪፖርቱን ፈርመው ሞተሩን አጥፍተዋል። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ማሽኗ ተጠግናለች፣ ሌላ ልጅ ተቀምጦባታል። ግን ውስጤ ያለውን፣ እናቴ ውስጥ ያለውን ግፊት ማንም አላስወጣውም፤ ያ ስልክ ውስጥ የሰሙት ድምፅም በእርስዎ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አብረን እናስወጣው ነው የምለው። ቀስ ብለን፣ በሥርዓቱ፣ ሌላ ሰው ሳይጎዳ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። ከሪፖርቱ ላይ ያቺን አንዲት መስመር ያስፍቁ፤ የወንድሜን ስም የሚያጠራ ከእርስዎ ፊርማ በቀር የለም። ሁለተኛ፣ በእርስዎ ሥር ያለ አንድም ማሽን ጋዙ በወሩ ሳይለካ፣ ቀኑ፣ ባሩና ዲግሪው ሳይጻፍ አይውጣ፤ ናይትሮጂን ከሚሸጠው ቤት ይምጣ፣ ሲሊንደሩ ላይ የጋዙ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፣ ወረቀት የሌለው ሲሊንደር ወደ መጣበት ይመለስ፣ ማንም በስልክ «ነው» አይበል። ሦስተኛ፣ ረዳቱን ልጅ አይበድሉት። ያየውን ስለነገረኝ ሥራው ላይ እንዳይመጡበት፤ ገና 19 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ሲሊንደር ባየ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ ይይዛል። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። ዕቁቤ ባለፈው ወር ደረሰኝ። ሰው አዲስ አበባ ልኬ የመሙያ ኪት አስመጣሁበት፤ ሬጉሌተሩ፣ ጌጁ፣ ሆዙ፣ ለየቫልቩ የሚሆኑ ማገናኛዎች፣ ሁሉም በቀይ ሣጥን ውስጥ በየቦታቸው ተሰድረው። ሚስቴ «ምን ልታደርግበት ነው? ማሽን የለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማሽን የለኝም። ከወንድሜ ፎቶግራፍ ሥር ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንዳንዴ አውርጄ ጌጁን አየዋለሁ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ቆሟል፣ የሚለካው የለም።

ላንተ ነው የገዛሁት።

ይኸው፣ ሳላስበው «አንተ» አልኩህ፤ እጄ ራሱ ተመልሶ መጣ። ናይትሮጂኑን አንተ ግዛ፤ ኪቱን ግን ከእኔ ቤት መጥተህ ውሰድ። ሹፌር አትላክ። እናቴ ዓይኗ ቢደክምም ድምፅህን ታውቃለች፤ መጀመሪያ እሷ ጋ ተቀመጥ፣ ከዚያ ሣጥኑን አወርድልሃለሁ፣ ጠባሳ ባለው እጅህ ትቀበለኛለህ። እኔ ዘበኛ የለኝም። በሩ እንደ ድሮው ነው፤ ገፋ አድርገህ ግባ፣ አቦ።

አብሮ አደግህ፣
ድሬዳዋ